ውሻን በማሰሪያ በእርጋታ ማንሸራሸር

ውሻን በማሰሪያ በእርጋታ ማንሸራሸር ማለት ውሻው ገመዱን ሳይጎትት፣ በአላፊ አግዳሚው ላይ ሳይጮኽና ሳይዘል ከያዘው ሰው ጋር እንዲሄድ ማለማመድ ነው። ልምምዱ ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥትን ይጠይቃል።

በአዲስ አበባ

በአዲስ አበባ ውሻ በብዛት የሚያዘው ለጥበቃ ነው። ብዙ ውሾች ቀን ታስረው ይውሉና ማታ በግቢው ውስጥ ይለቀቃሉ። ከአጥር ውጭ ያለውን የሚያውቁት በድምፅና በሽታ ብቻ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው፣ በር ላይ ለሚያልፍ ሁሉ መጮህ ሥራቸው ሆኖ ያድጋል። እንዲህ ያደገ ውሻ በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሰሚት ወይም በሲኤምሲ መንገድ ሲወጣ የታክሲ ረዳት ጥሪ፣ የመኪና ጥሩምባ፣ የተማሪዎች ሩጫና በሥጋ ቤት ደጃፍ የተኙ የመንገድ ውሾች በአንድ ጊዜ ይገጥሙታል።

የመጎተትና የመጮህ ምክንያት

ውሻ በተፈጥሮው ከሰው ፈጥኖ ይራመዳል። ጎትቶ ወደሚፈልገው ነገር ከደረሰ ደግሞ መጎተት እንደሚጠቅመው ይማራል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 በድመቶች ላይ ባደረገው ጥናት ጥሩ ውጤት ያስገኘ ድርጊት እንደሚደጋገም አሳይቷል።

ብዙ ጊዜ ንዴት የሚመስለው ጩኸት ፍርሃት ነው። የታሰረ ውሻ መሸሽ ስለማይችል ይጮኻል፤ የፈራው ሰው አልፎ ሲሄድ ጩኸቱ ያባረረው ይመስለዋል። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ምግብ ከመምጣቱ በፊት ምልክት የሚሰሙ ውሾች በኋላ በምልክቱ ብቻ ምራቃቸው እንደሚመጣ አሳይቷል። በዚሁ መንገድ ውሻው ሰው ባየ ቁጥር አንገቱ በኃይል ከተሳበ፣ ሰውን ከሕመም ጋር ያያይዛል። ሰው ባየ ቁጥር ምግብ ካገኘ ግን ሰው ማየት የመልካም ነገር ምልክት ይሆንለታል።

የልምምዱ ደረጃዎች

1. በግቢ ውስጥ፦ ስሙ ተጠርቶ ዞር ሲል ትንሽ የተቀቀለ ሥጋ ይሰጠዋል። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ስለሆነ ወጥ የነካው ምግብ አይሰጥም።
2. በገመድ፦ ገመዱ ሲወጠር ሰውየው ይቆማል፤ ሲላላ ይራመዳል። ውሻው ወደፊት የሚሄደው ሳይጎትት ሲቀር ብቻ መሆኑን ይረዳል።
3. በር ላይ፦ ውሻው እስኪረጋጋ በሩ አይከፈትም።
4. በመንገድ፦ በማለዳ፣ ጭር ባለ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጀመራል።
5. በርቀት፦ ሰው ወይም ሌላ ውሻ እያየ ገና በማይጮኽበት ርቀት ላይ ምግብ ይሰጠዋል። ርቀቱ በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ከጮኸ አይቆጡትም፤ ራቅ ያደርጉታል።

ቡችላ ከአካባቢው ጋር በቀላሉ የሚላመደው ከ3 እስከ 14 ሳምንት ባለው ዕድሜው ነው። ትልቅ ውሻም ይማራል፤ ጊዜ ግን ይፈጃል።

ማሰሪያ

ከ1.5 እስከ 2 ሜትር የሚደርስ ገመድና የደረት ማሰሪያ ይመረጣል። ደረት ላይ የሚታሰረው ጉሮሮን አያንቅም። ገመዱን በእጅ ላይ መጠምጠም ውሻው ድንገት ሲስብ ጣትን ሊሰብር ይችላል።

የመንገድ ውሾች ሲመጡ

መሮጥ ማባረርን ይጋብዛል። አቅጣጫ ቀይሮ በዝግታ መሄድ ይሻላል። ድንጋይ ለማንሳት እንደሚጎነበስ ሰው መሆን ብዙ ጊዜ ያሸሻቸዋል፤ መወርወር ግን የራስንም ውሻ ያስደነግጣል።

ጥንቃቄ

መንገደኛው ውሻን የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ገዳይ ነው፤ እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ ወደ ሰው ከሚተላለፈው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ ነው። ስለዚህ ውሻ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት መከተብ አለበት፤ ሰው ሲያልፍም ገመዱ አጥሮ ይያዛል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ምልክት ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።