አባይ በረሃን በአሮጌ መኪና

ለፋሲካ ጎጃም፣ አያቶች ዘንድ ሊሄዱ ነው እንበል። ልጆቹ ከኋላ ተደርድረዋል፣ ድፎ ዳቦው በጨርቅ ተጠቅልሎ እግርዎ ሥር ተቀምጧል። መኪናዋ ከትልቋ ልጅዎ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ይሁንና እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ ምንም አላስቸገረችም። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ግን ሌላ ነው። ከደጋው ጫፍ እስከ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣሉ። መውረዱ የፍሬን ፈተና ነው፣ መውጣቱ የራዲያተር።

እኛ ሁለቱንም ፈተና በአንድ ቀን ወድቀናል።

ገና ግማሽ መንገድ ሳንወርድ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ባለቤቴ «ፍሬኑ እየላላብኝ ነው» ሲል ድምፁን ዝቅ ያደረገው ልጆቹ እንዳይሰሙ ነበር። እግሩ ፔዳሉን ሲረግጠው እንደ ስፖንጅ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ምክንያቱ በኋላ ሲነገረን ቀላል ሆኖ አገኘነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 የሚባለው ዘይት የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን፣ ከጊዜ ብዛት ውሃ ሲገባበት ግን እስከ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ እግርዎን ከፍሬኑ ካላነሱ ሸራውና ዲስኩ ይግላሉ፣ ዘይቱ ይፈላል፣ አረፋ ይፈጥራል። አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጂ ኃይል አያስተላልፍም። ለዚህ ነው ዘይቱ ባይጎድልም በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር የሚባለው። እኛ መኪናዋን ከገዛን ጀምሮ ቀይረነው አናውቅም ነበር።

ቁልቁለት ሲጀምሩ ማርሹን አስቀድመው ዝቅ ያድርጉ፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ። አውቶማቲክ ከሆነ ማንሻውን ወደ «2» ወይም ወደ «ኤል» ይውሰዱት። መኪናዋን ሞተሩ ይያዛት፤ ፍሬኑን ጠንከር አድርገው ለአጭር ጊዜ ረግጠው ይልቀቁት። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ዜሮ ማርሽ ላይ የሚወርዱ፣ እንዲያውም ሞተር የሚያጠፉ ሰዎች አሉ። እባክዎን አይሞክሩት። ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል የሚመጣው ከሚሠራ ሞተር ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ ከጥቂት እርግጫ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንብዎታል።

ፔዳሉ ከሰመጠ ደግሞ ደጋግመው ይርገጡት፣ ማርሹን ደረጃ በደረጃ ያውርዱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ይሳቡ። ባንድ ጊዜ ከሳቡት የኋላ ጎማ ይንሸራተታል። ከቆሙ በኋላ በጋለው ጎማ ላይ ውሃ አይድፉ፤ ዲስኩ ይጣመማል። ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይሻላል።

እኛም ጠብቀን ድልድዩን በሰላም ተሻገርን። ዳገቱን ስንጀምር ግን የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ መስመር መውጣት ጀመረ።

ስለ ራዲያተር ክዳን ማንም የነገረን አልነበረም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተር ሙቀት ደግሞ በጤናው ጊዜ እንኳ እዚያው አጠገብ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ስፕሪንግ ከላላ ወይም ጎማው ከደረቀ፣ ራዲያተሩ ምንም ሳይሆን ውሃው ይፈላል። ስለዚህ መካኒክ «ራዲያተር ይቀየር» ሲልዎት መጀመሪያ ክዳኑን፣ ቴርሞስታቱን፣ ፋኑንና ጎማ ቱቦዎቹን ያስፈትሹ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ርካሽ ናቸው። የቧንቧ ውሃ ብቻ እየሞሉ ከሆነም ይተዉት፤ ዝገትና ደለል ጠባቦቹን ቱቦዎች ይደፍናል። ኩላንት ይጠቀሙ።

ቀስቱ ሲወጣ ካዩ ኤሲውን አጥፍተው የመኪናውን ሂተር እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። በአባይ በረሃ ሙቀት ላይ ሂተር መክፈት እብደት ይመስላል፤ ነገር ግን ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ካልወረደ ወይም እንፋሎት ካዩ ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ። ክዳኑን በጨርቅም ቢሆን አይንኩት፤ ግፊት ያለበት የፈላ ውሃ ፊት ላይ ይረጫል። ሲቀዘቅዝ ብቻ ይክፈቱ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል።

«ትንሽ ነው የቀረን» ብሎ መንዳት ነው ትልቁን ወጪ የሚያመጣው። ከዚያ በኋላ የሞተር ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከታየ፣ ወይም ፍሳሽ ሳይኖር ውሃው እየጎደለ ነጭ ጭስ ከወጣ፣ ጋርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችን ያለችንን መኪና ይዘን መቆየታችን ነው። ሶማሌ ተራ ሄደው ዕቃ ሲገዙ በሌላው ይከራከሩ፤ በፍሬን ሸራ ዋጋ ግን ባይከራከሩ እመርጣለሁ። በቤትዎ ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ፍተሻ አለ። ሞተሩን አስነሥተው መኪናው ቆሞ ሳለ ፔዳሉን አጥብቀው ለአንድ ደቂቃ ይያዙ። ቀስ እያለ ወደ ታች ከወረደ የፍሬን ማስተሩ ያስተላልፋል፤ ጉዞውን ለሌላ ቀን ያድርጉት።

ታኮም ይያዙ። እኛ አልነበረንም። ዳገቱ መሐል ቆመን የእጅ ፍሬኑን ስናምነው መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። በአጠገባችን ፍየል ይጠብቅ የነበረ ልጅ ሮጦ ድንጋይ ከጎማው ሥር ወሸቀልን። ከዚያም ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ከልጆቻችን ጋር ተቀምጦ ድፎውን ተካፈለ። ደጀን ስንደርስ መሽቶ ነበር።