አንዱ ጎማ ሲሽከረከር ሌላው ለምን ይቆማል?

ዝናብ ሲመጣ ካኩማ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው የሚሆንብን። ታራችና ወደ እሱ የሚገቡት ላጋዎች የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ናቸው። ልጆች ኳስ ይጫወቱባቸዋል፣ ሰው ውሃ ፍለጋ ይቆፍራቸዋል። እዚህ ጠብ ሳይል ከላይ በኩል ሲዘንብ ግን ሳይታሰብ ሞልተው ይመጣሉ። ጎርፉ ካለፈ በኋላ የሚቀረን ጭቃና ገና ያልጠነከረ አሸዋ ነው። የራሽን ካሚዮኑም፣ የውሃ ቦቴውም፣ ምጥ የያዛትን እናት የሚያደርሰው አምቡላንስም ማለፍ ያለበት በዚያው ላይ ነው።

መኪና ሲሰምጥ ሁላችንም ወጥተን እናያለን፣ እንገፋለንም። አንዱ ጎማ ጭቃ እየረጨ እንደ እብድ ይሽከረከራል። ከጎኑ ያለው ጎማ ደግሞ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ምንም አይሠራም። ያኔ አንዱ «ሞተሩ ደክሟል» ይላል፣ ሌላው «ሹፌሩ አልቻለበትም» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሞተሩም የሹፌሩም አይደለም። ነገሩ ያለው ከመኪናው ሥር፣ ዲፈረንሻል በሚባለው ክብ ብረት ውስጥ ነው። በዚህ እትማችን ስለ እሱና ስለ መቆለፊያው ልናወጋችሁ ፈልገናል። ማወቁ ለሹፌር ብቻ ሳይሆን ለሚገፋውም ሕዝብ ይጠቅማልና።

ዲፈረንሻል ምን ይሠራል?

መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሜትር ቢሆን፣ መኪናው ዞሮ ወደመጣበት አቅጣጫ ሲመለስ የውጭው ጎማ 4.7 ሜትር ያህል ይበልጣል። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ዘንግ ላይ የተበየዱ ቢሆኑ ኖሮ በየመታጠፊያው አንዱ መጎተት፣ ጎማውም ማለቅ ነበረበት። ዲፈረንሻል ይህን ይፈታል። ሞተሩ የላከውን ኃይል ተቀብሎ ለሁለቱ ጎማዎች ያካፍላል፣ ፍጥነታቸው እንዲለያይም ይፈቅዳል። ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔኬር እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጨረሻ ላይ በእንፋሎት ለሚሄድ ተሽከርካሪ ካስመዘገበው ወዲህ የመኪና አሠራር ያለ እሱ አልሆነም።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ዲፈረንሻል ፍጥነቱን እንጂ ጉልበቱን ማበላለጥ አይችልም። ለሁለቱም እኩል ነው የሚሰጠው። ገበሬ የነበራችሁ ቀንበርን አስቡት። ቀንበሩ መሀሉ ላይ በምራን ከሞፈሩ ጋር ይታሰራል፣ ግራና ቀኝ መወዛወዝም ይችላል። አንዱ በሬ ካልጎተተ ቀንበሩ ይዞራል እንጂ፣ የብርቱው በሬ ጉልበት ሞፈሩ ላይ አይደርስም። ዲፈረንሻልም እንዲሁ ነው። ጭቃ ውስጥ ያለው ጎማ መሬቱን የመግፋት አቅሙ 50 ኪሎ ብቻ ቢሆን፣ ደረቅ ላይ ያለው ጎማ 500 ኪሎ መግፋት ቢችል እንኳ የሚደርሰው ያው 50 ኪሎ ነው። ድምሩ 100 ሆነ፤ በ100 ኪሎ ደግሞ የተጫነ መኪና አይነቃነቅም። ነዳጅ ቢጨመርበት የሚያተርፈው ጉድጓዱን ማጥለቅ ብቻ ነው።

«ፎር ዊል እኮ ነው!»

ብዙ ሰው ፎር ዊል መኪና በፍጹም አይሰምጥም ብሎ ያምናል። በእንደዚህ ያለው ላንድክሩዘር ፎር ዊል ሲገባ የፊቱና የኋላው ይያያዛሉ። ነገር ግን ፊትም ኋላም የየራሳቸው ዲፈረንሻል አላቸው። ስለዚህ የፊት ግራው ጎማና የኋላ ቀኙ ጎማ ጉድጓድ ላይ ከተንጠለጠሉ ሁለቱ ይሽከረከራሉ፣ ሁለቱ ይቆማሉ፣ መኪናውም እዚያው ነው።

የዲፈረንሻል መቆለፊያ፣ ሹፌሮች ዲፍ ሎክ የሚሉት፣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሲቆለፍ ግራና ቀኙ ጎማ እንደ አንድ ዘንግ አብረው ይዞራሉ። ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር እንዳይወዛወዝ አጥብቆ እንደ ማሰር ነው። በምሳሌያችን ጭቃው ውስጥ ያለው 50፣ ደረቁ ላይ ያለው እስከ 500 ኪሎ ድረስ ይገፋሉ። 100 የነበረው 550 ሆነ ማለት ነው።

በየካምፑ የምናየው ባለ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ሲሠራ የቆየ ነው። መቆለፊያው በሁሉም ላይ አይገጠምም። በተገጠመለት ላይ ዳሽቦርዱ ላይ የሚዞር ቁልፍ አለ፤ መጀመሪያ የኋላውን፣ ቀጥሎ የፊቱንም ይቆልፋል። በትልልቅ ካሚዮኖች ላይ ብዙ ጊዜ በአየር ግፊት ይሠራል። ሁለት የኋላ አክስል ያላቸው ደግሞ ሁለቱን አክስሎች እርስ በርስ የሚያያይዝ ሌላ መቆለፊያ አላቸው።

አጠቃቀሙ

መንዳት ለሚማሩና በሙያ ማሰልጠኛ ጥገና ለሚማሩ ልጆቻችን ዋና ዋናውን እናስቀምጥ።

መቆለፊያው የሚገባው ከመስመጥ በፊት ነው። ላጋው አፋፍ ላይ ቆሞ፣ ወርዶ መንገዱን በእግር አይቶ፣ ፎር ዊሉንና ከባዱን ማርሽ አስገብቶ መቆለፍ ነው። ጎማ እየተሽከረከረ መቆለፍ ጥርስ ይሰብራል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ ቀጥ ብሎ ሲበራ ተቆልፏል ማለት ነው። ከዚያ በዝግታ፣ በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። የፊቱ ከተቆለፈ መሪው ይከብዳል፣ መኪናው መታጠፍ እምቢ ይላል።

ጠንካራ መሬት ላይ እንደተወጣ ወዲያው መፍታት ይገባል። በደረቅ መንገድ እንደተቆለፈ የታጠፈ መኪና ሴሚያሱን ሊሰብር ይችላል። ጎን ለጎን በሚያዘቀዝቅ ጭቃ ላይም ጥንቃቄ ይሻል፤ ሁለቱ ጎማ አብረው ከተንሸራተቱ መኪናው ወደ ታች ይሄዳል።

መቆለፊያ የሌለው ሹፌር ነዳጁን በትንሹ እየሰጠ ፍሬኑን በቀስታ ቢይዝ፣ የሚሽከረከረው ጎማ ስለሚታገድ ለቆመው የተወሰነ ጉልበት ይደርሰዋል። አዳዲስ መኪኖች ይህን ራሳቸው ያደርጉታል። አሸዋ ላይ ደግሞ የጎማውን አየር መቀነስ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይበልጣል፤ ጎማው ሰፍቶ ስለሚተኛ አይቆፍርም። አስፋልት ላይ ከመውጣቱ በፊት ግን ተመልሶ መነፋት አለበት። የመኪናው ሆድ አሸዋው ላይ ካረፈ መቆለፊያም ፎር ዊልም አያድኑትም። መድኃኒቱ አካፋ ነው።

ለምንገፋው ሰዎች

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። መኪና ሲሰምጥ መሯሯጣችን ደግ ነው። ሰው ግን መጎዳት የለበትም።

ሹፌሩን የሚያነጋግር አንድ ሰው ይሁን። አሥር ሰው ሲጮህ ማንንም አይሰማም።

መቆለፊያው ሲገባ ቆሞ የነበረው ጎማ በድንገት ይይዛል፣ መኪናውም ይዘላል። ስለዚህ ከፊቱ ማንም አይቁም። ጎማ ሥር የተደረገ ጣውላ ወይም ድንጋይ እንደ ወንጭፍ ተፈናጥሮ ስለሚወጣ፣ ከሚዞር ጎማ ኋላም መቆም አይገባም።

በገመድ ሲጎተት ሁሉም ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ። የተወጠረ ገመድ ሲበጠስ ሰው ይገድላል። ልጆች ከነጭራሹ አይጠጉ።

ከሁሉ በላይ፣ ጎርፍና ጭቃ አንድ አይደሉም። 30 ሳንቲሜትር የሚሆን ፈጣን ውሃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል። 60 ሳንቲሜትር ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ጎማው መሬት ከለቀቀ የሚቆለፈው ምን ላይ ነው? በዳዳብ በኩል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ እርዳታ በአየር እስከ ማጓጓዝ ተደርሷል። ያኔ ካሚዮን ጠፍቶ አልነበረም። ስለዚህ ሹፌር «ውሃው ይጉደል» ብሎ ሲቆም ፈሪ አንበለው፣ እንዲገባም አንገፋፋው።

አንድ ነገር እንጨምር። ከላጋ ማዶ የምትኖሩ፣ ቤታችሁ ነፍሰ ጡር ወይም ጽኑ ሕመምተኛ ያለባችሁ ቤተሰቦች፣ በዝናብ ወራት ምጥ እስኪመጣ አትጠብቁ። ቀኑ ሲቃረብ ከጤና ሠራተኞች ጋር ተነጋገሩ። ከወዲህ ማዶ ዘመድ ወይም ወዳጅ ካለ ለጥቂት ቀን እሱ ዘንድ ማረፍ ይሻላል። መኪናው መቆለፊያ ቢኖረውም ባይኖረውም ላጋው ሲሞላ መጠበቁ አይቀርም፤ ምጥ ግን አይጠብቅም።

ዝናቡን የበረከት ያድርግልን። እስከሚቀጥለው እትም በቸር ያሰንብተን።