«የምክር ስልቻ» ያዕቆብ፦ በከብት መሐል ያደገው የከሊፋው ወንድም

በእኛ ንግድ ወንድም ማለት ግማሽ ካፒታል ነው። አንዱ ገዳሪፍ ገበያ ከደላላው ጋር ሲከራከር ሌላው ከመንጋው ጋር ውኃ ፍለጋ ይንከራተታል። አንዱ ስሙ በገበያ ይታወቃል፤ ሌላውን ከእረኞቹና ከቤተሰቡ በቀር የሚያውቀው የለም። ይህ ጽሑፍ የሚያስታውሰው እንደዚህ ያለውን ሁለተኛ ወንድም ነው። ነጋዴ አልነበረም። ነገር ግን በከብት መሐል አድጎ፣ ዕድሜውን በሙሉ ወንድሙን አገልግሎ፣ በወንድሙ ባንዲራ ሥር ሞቷል። የቤተሰቡ እጅ እስከ ገዳሪፍ፣ እስከ ጋላባትና እስከ መተማ ደርሶ ነበርና ዛሬ ከብት የምንነዳበት መንገድ ታሪኩን ያውቀዋል። ስሙ ያዕቆብ ይባላል፤ ሱዳንን ከ1877 እስከ 1890 ዓ.ም. የገዛው የከሊፋ አብዱላሂ ወንድም ነው።

ቤተሰቡ ከደቡብ ዳርፉር ከታዓይሻ ጎሣ ነው። ታዓይሻዎች በቃራ ከሚባሉት ዐረቦች ይመደባሉ፤ ስሙም «በቀር» ከሚለው፣ ከብት ማለት ከሆነው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። ሰሜኖቹ ዐረቦች በግመል ሲኖሩ እነዚህ በላምና በበሬ ይኖራሉ። በሬ ለእነሱ ሥጋና ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሲጓዙ ድንኳኑን፣ ዕቃውን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን የሚሸከመውም እሱ ነው። አባታቸው ሙሐመድ «ቱርሸይን» በሚል ቅጽል ይጠሩ ነበር፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አስቀያሚ ኮርማ» እንደማለት ነው። በከብት አገር እንዲህ ያለ ስም ስድብ እንዳልሆነ አንባቢዎቻችን ታውቃላችሁ። እኚህ ሰው የሃይማኖት ሰው ነበሩ፤ ጎሣው ለጸሎትና ለምክር ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር።

አባትየው ቤተሰባቸውን ይዘው ከዳርፉር ወደ ምሥራቅ ወጡ። ሐሳባቸው ወደ መካ ለመድረስ ነበር፤ ግን አልደረሱም። በነጭ ዓባይ ምዕራብ አቡ ሩክባ በሚባል ስፍራ ሞተው እዚያው ተቀበሩ። ከዚያ በኋላ አብዱላሂ ቤተሰቡን እዚያው ትቶ መሐመድ አሕመድ የሚባለውን መምህር ፍለጋ ወደ ገዚራ ሄደ። ለብዙ ዓመታት የከሊፋው እስረኛ የነበረው ኦስትሪያዊው ሩዶልፍ ስላቲን፣ ከሊፋው ራሱ ነገረኝ ብሎ የጻፈው ነገር አለ። አብዱላሂ በዚያ ጉዞ የነበረው ሀብት አንድ ገጣባ አህያ ብቻ ነበር። ጀርባው ቆስሎ ስለነበር ሊቀመጥበት አልቻለም፤ የውኃ አቁማዳውንና የእህል ከረጢቱን ጭኖበት እሱ በእግሩ ሄደ። ያ መምህር ኋላ ማህዲ ነኝ ብሎ የተነሣው ነው። አብዱላሂም ከመጀመሪያዎቹ ተከታዮቹ አንዱ ሆነና ጥቁሩን ባንዲራ ተቀበለ።

ማህዲው ኻርቱምን በጥር 1877 ዓ.ም. ያዘ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሞተ። አብዱላሂ ገዥ ሲሆን ከማንም በላይ የሚያምነው ሰው ያስፈልገው ነበር፤ ያ ሰው ያዕቆብ ሆነ። የጥቁሩ ባንዲራ ጦር ለእሱ ተሰጠው። ጦሩን፣ ስንቁን፣ አቤቱታውን፣ ወደ ከሊፋው የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው የሚያየው እሱ ነበር። ሱዳኖች «ጅራብ አል ረእይ» አሉት፤ የምክር ስልቻ ማለት ነው። ስልቻ የሚሠራው ከፍየል ቆዳ ነው። ያስገቡትን ይይዛል፣ ሲፈልጉት ይሰጣል፣ ካልቀደዱት አያፈስም። ለታማኝ ወንድም ከዚህ የተሻለ ስም በከብት ሰው ቋንቋ ማግኘት ይከብዳል።

ያዕቆብን ማስታወስ ግን እሱንና ወንድሙን ማወደስ አይደለም። የእኛ ወገን ያንን ዘመን በሌላ ስም ያውቀዋል። በጥር 1880 ዓ.ም. የአቡ አንጃ ጦር ጎንደር ድረስ ገብቶ ከተማይቱንና አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ። በዓመቱ፣ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ከዘኪ ቱማል ጦር ጋር ተዋግተው ቆሰሉ፤ በቁስላቸውም ሞቱ። ራሳቸው ወደ ኦምዱርማን ተላከ። የዚያ ጦር አለቆች ትእዛዝ የሚቀበሉት ያዕቆብ ከሚቀመጥበት ከኦምዱርማን ነበር። በእነዚያ ዓመታት ከድንበሩ በሁለቱም በኩል ራብ ገባ። በኢትዮጵያ ክፉ ቀን ተባለ፤ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ የእርሻ በሬውን ከነላሙ ጨረሰው። በሱዳን ደግሞ በሒጅራ አቆጣጠር 1306 ዓመት ስለነበር «የስድስት ዓመት» ብለው ሰየሙት። በሽታው ከዓለም ጠፍቷል ተብሎ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከብት ነጋዴ ሁሉ ይህን ዓመት ቢያውቅ መልካም ነው።

የወንድማማቾቹ ፍቅር ዋጋ የታየውም በዚያው የራብ ጊዜ ነው። ከሊፋው በኦምዱርማን በማያምናቸው ሰዎች ተከቦ እንዳለ ስለተሰማው የገዛ ጎሣውን፣ ታዓይሻዎችን፣ ከዳርፉር ወደ ዋና ከተማው እንዲመጡ አዘዘ። ብዙዎቹ ከከብታቸውና ከግጦሻቸው መነሣት አልፈለጉም፤ በግድ ተነሡ። በ1881 ዓ.ም. ሲደርሱ አገሩ በራብ ላይ ነበር። ስላቲን እንደሚለው ከገዚራ የተሰበሰበው እህል ለእነሱ በርካሽ ሲሸጥ ሌላው ሕዝብ በየመንገዱ ይወድቅ ነበር። ስላቲን ከዚያ ቤት ያመለጠ ጠላት ነውና የሚለውን ሁሉ እንዳለ አንቀበልም። ነገር ግን የታዓይሻ መምጣት ሌላውን ሱዳናዊ እንዳስከፋ ማንም አይክድም። የማህዲው ዘመዶች በኅዳር 1884 ዓ.ም. በኦምዱርማን መሣሪያ እስከ ማንሣት ደረሱ። ነገሩ በሽምግልና ቢበርድም ከዚያ በኋላ የቤቱ መሠረት ዝምድና ብቻ ሆነ። ያዕቆብ የዚህ ሥርዓት ዋና ምሰሶ ነበር።

ነሐሴ 28 ቀን 1890 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898) የኪችነር ጦር ከኦምዱርማን በስተሰሜን፣ ከረሪ ላይ፣ ዓባይን ተደግፎ ተሰለፈ። የእንግሊዞቹ ወገን በእሾህ አጥር፣ እኛ ለከብት በምንሠራው ዓይነት ዘሪባ ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው የድርቡሽ ማዕበል በመትረየስና በመድፍ ወደቀ። ከሊፋው ጥቁሩን ባንዲራ ከኮረብታ ጀርባ አቆይቶት ነበር። ኋላ ያዕቆብ ጦሩን ይዞ በማክዶናልድ ብርጌድ ላይ ወጣ። በዚያ ብርጌድ ውስጥ ከተሰለፉት ብዙዎቹ ራሳቸው ሱዳናውያን ነበሩ። ባንዲራው በወደቀ ቁጥር ሌላ ሰው ያነሣው ነበር። ያዕቆብም እዚያው በባንዲራው አጠገብ ወደቀ። በዚያ ቀን ከድርቡሽ ወገን የሞተው ከ10 ሺህ በላይ ነው። ከሊፋው ግን አልሞተም፤ ወደ ኦምዱርማን ተመልሶ፣ ከዚያም ወደ ኮርዶፋን ሸሸ። ያን ዕለት ዕድሜውን ሙሉ ያማከረው ወንድም ከጎኑ አልነበረም።

የቤቱ የመጨረሻ ምዕራፍ በእኛ በር በገዳሪፍ ላይ ነው የተጻፈው። በዚህ በኩል የነበረውን ጦር የሚመራው የከሊፋው ዘመድ አሕመድ ፋዲል ነበር። ወንድሞቹን ለመርዳት ወደ ኦምዱርማን ሲገሠግሥ ከረሪ ቀደመው። እሱ በሌለበት ከከሰላ የመጣው የኮሎኔል ፓርሰንስ ጦር መስከረም 13 ቀን 1891 ዓ.ም. ገዳሪፍን ያዘ። አሕመድ ፋዲል ተመልሶ በስድስተኛው ቀን ከተማይቱን አጠቃ፤ አልቻለም። ከዚያ ጥቁር ዓባይን ሊሻገር ሲል ብዙ ሰው ጠፋበት፤ የተረፉትን ይዞ ኮርዶፋን ድረስ ሄዶ ከከሊፋው ጋር ተገናኘ። ኅዳር 15 ቀን 1892 ዓ.ም. ኡም ዲወይከራት ላይ ሁሉ ነገር ሲያበቃ ከሊፋው የበግ አጎዛውን አነጠፈና ከአለቆቹ ጋር ተቀምጦ ሞትን ጠበቀ። አሕመድ ፋዲልም በዙሪያው ከወደቁት አንዱ ነው። በአንድ ገጣባ አህያ የተጀመረው መንገድ በአንድ አጎዛ ላይ አለቀ።

ይህን ታሪክ በንግድ ጋዜጣ ላይ ያመጣነው በምክንያት ነው። ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎቻችሁ ከበፊቱ ይልቅ የምትሠሩት ከወንድም፣ ከአጎትና ከአክስት ልጅ ጋር ብቻ ነው። ባንክና መንገድ በማይታመንበት ጊዜ ሥጋ ዘመድ ይታመናል፤ ይህ ትክክል ነው። ከመንጋው ጋር የቀረው ወንድም ባይኖር ገበያ ላይ የቆመው ወንድም የሚሸጠው ነገር አይኖረውም። ያዕቆብ እስከ መጨረሻው ያልከዳ ወንድም ነበር፤ በዚህ ሊታሰብ ይገባዋል።

የከሊፋው ቤት የጎደለው ሌላ ነገር ነበር፤ ከዝምድናው ውጪ ያለው ሰው ድርሻው እንደሚጠበቅለት ማመን አቃተው። በእኛም ሥራ ይህ አለ። ከሩቅ የመጣው ሸሪክ፣ የቀጠርነው እረኛ፣ ቀብድ የሰጠን ገዥ፣ በድርቅ ጊዜ ውኃ የፈቀደልን የቡታና ግመል አርቢ፣ ሂሳባቸው ከወንድማችን ሂሳብ እኩል መጻፍ አለበት። የወንድምም ድርሻ ቢሆን በቃል ብቻ መቅረት የለበትም። ስንት ላም የእሱ እንደሆነች፣ ስንት ወይፈን ከእርቢው እንደሚደርሰው፣ ያለበት ዕዳ ምን ያህል እንደሆነ በወረቀት ሠፍሮ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አይተውት፣ አንዱ ቅጂ በሚስቱ ወይም በታላቅ ልጁ እጅ ይቀመጥ። ወንድም በመንገድ ላይ ሲሞት ከሁሉ በፊት የሚጣላው የእሱ ልጅና የወንድሙ ልጅ ነው። መንጋው በክርክር ላይ ሳለ ወቅቱ ያልፋል፤ ሰንጋው ይከሳል፤ ገዥው ወደ ሌላ ይሄዳል።

በዚህ ሁለት ዓመት ከመንገድ ያልተመለሱ፣ በገበያ ስማቸው ያልተጠራ፣ ከከብቱ ጋር የቀሩ ወንድሞች በየቤታችሁ አሉ። ስማቸውን በቤተሰብ ጸሎትና ዱዓ እንደምታነሱት ሁሉ ድርሻቸውንም ቆጥራችሁ ለልጆቻቸው ስጡ። የሚቀጥለው መንጋ ከመነሣቱ በፊት ይሁን።