ጎርፉ ከሸሸ በኋላ

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ተነሥተው ወደ ጣና የሚወርዱት ርብና ጉማራ በክረምት ከአፋፋቸው ሲያልፉ፣ ሐይቁም ሞልቶ መግቢያቸውን ሲዘጋባቸው፣ የፎገራ ሜዳ ባሕር ይሆናል፤ በ1998 ዓ.ም. ማገባደጃ እንደ ሆነውም፣ ሕዝቡ ከነከብቱ ደረቅ ምድር ፍለጋ ይሰደዳል። ይኸው ማየ አይኅ ሲጎድል ግን ከደጋው ጠርጎ ያመጣውን ለም አፈር ትቶ ስለሚሄድ፣ ገበሬው እርጥበቱ ሳያመልጠው ጓያና ሽምብራ ለመዝራት ይጣደፋል፤ ወረታ ገበያም ሩዝ መግባት ሲጀምር፣ አገሩ ዳነ ይባላል። እኔ በጤና አጠባበቅ ሙያ የማገለግል በመሆኔ፣ መዳኑን የምመረምረው ከጕድጓዱ ነው።

በሜዳው የከርሰ ምድሩ ውኃ ቅርብ ስለሆነ ጕድጓዶቹ ጥልቀት የላቸውም፤ ጎርፉም የመጸዳጃውንና የበረቱን እድፍ አጥቦ ወደ እነርሱ ያገባዋል። ደለሉ ሲሰፍር ውኃው እንደ ቀድሞው ኵልል ይላል፤ አደጋውም ያኔ ይበረታል፣ ደዌን የሚያመጡትን ረቂቃን ፍጥረታት ዓይን አያያቸውምና።

ጕድጓድን ማንጻት ትዕግሥት ይጠይቃል። ዙሪያው በውኃ ርሶ ሳለ በአንድ ጊዜ ቀድቶ ማድረቅ ግድግዳውን ሊንደው ስለሚችል፣ በዝግታ ይቀዳል፤ ጭቃው ይወጣል፤ ግድግዳው በክሎሪን ይፈተጋል፤ ከዚያም ውኃው ሲሞላ በሊትር ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም ክሎሪን ተጨምሮበት ሌሊቱን ያድራል፤ በማግሥቱም ቅሪቱ ከ0.5 ሚሊግራም በታች እስኪወርድ ድረስ እየተቀዳ ይደፋል። በደፈረሰ ውኃ ላይ ዱቄቱን በትኖ መሄድ፣ መድኃኒቱ ኃይሉን በጭቃው ላይ ስለሚጨርስ፣ ሥራ የተሠራ ያስመስላል እንጂ ሕፃናቱን ከተቅማጥ አያድናቸውም። ይህን አበክሬ የምናገረው፣ ጥድፊያ በበረታ ቍጥር አስቀድሞ የሚታለፈው ጭቃውን ማውጣትና መፈተጉ ስለሆነ ነው።

ውኃው በሚደፋበት ቀን እንስራ ይዘው የቆሙ አንዲት አሮጊት፣ «ልጄ፣ እንዲህ ጠርቶ ሳለ ስለ ምን ትደፋዋለህ?» ብለው ጠየቁኝ። «እማማ፣ መድኃኒቱ ገና አልወጣለትም፤ ነገ ይቀዳሉ» አልኋቸው። ዝም አሉ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ውኃ በጀርባቸው ላመላለሱ ሰው ግን መልሴ የሚበቃ አልነበረም፤ ምክንያቱን በሰኔ፣ ጎርፉ ሳይመጣ፣ ተረጋግተው ሊሰሙት ይገባ ነበር።

ከጥፋት በኋላ እህልና ድንኳን ፈጥኖ ይደርሳል፤ ክሎሪን ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በሽታው ከገባ ወዲያ ነው። ስለዚህ መንገዱ በውኃ ሳይቈረጥ፣ ዱቄቱ፣ ገመዱና ብሩሹ፣ ከሁሉም በላይ ዕውቀቱ፣ በየመንደሩ የውኃ ኮሚቴ፣ ይልቁንም በሴቶቹ እጅ ይግባ፤ ሙቀትና እርጥበት የክሎሪንን ኃይል ያደክማሉና በየዓመቱ ይታደስ፤ የጕድጓዱም አፍ ጎርፉ በቤቶች ግድግዳ ላይ ካሰመረው ምልክት በላይ ከፍ ተደርጎ በሲሚንቶ ይታነጽ።