«ጅዳ እኮ ማዶ ናት»

በይፋት ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ አሊዩ አምባ፣ ደላሎች ለወጣቱ የሚያቀምሷት አንዲት ወሬ አለች፦ «ጅዳ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ናት፤ በባሕርም ቢሆን ማዶ ናት።»

የወሬዋ መነሻ እውነት ነው። ከአዲስ አበባ ጅዳ በቀጥታ መስመር 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረራውም ደላላው ካለው ብዙ አይርቅም። ባብ ኤል መንደብም በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ዓረብ አገርን እንደ ጎረቤት ማየት ለይፋት ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የይፋት ሱልጣኔት በዘይላ በኩል ከማዶው ጋር ይነግድ ነበር፤ አሊዩ አምባም በሲራራ ነጋዴ ግመል የደራች ገበያ ነበረች።

ተንኮሉ የአውሮፕላኑን ሰዓት ለእግረኛ መሸጡ ላይ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ አስጭኖ በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ ከታጁራ ወደብ ቢነሳ፣ አንኮበር የገባው ጥር ሲያልቅ ነው። ጄት በግማሽ ሰዓት የሚያቋርጠው 420 ኪሎ ሜትር ገደማ አራት ወር ፈጀበት፤ ያውም ግመልና መሣሪያ ይዞ።

የዛሬው እግረኛ ግን ባዶ እጁን ነው። ከአሊዩ አምባ እስከ ጅቡቲዋ ኦቦክ በቀጥታ ቢለካ ከ450 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ አብዛኛው የአፋር በረሃ ነው። ጀልባው የሚያቀናው ወደ ጠባቡ ቦታ ላይሆን ይችላል፤ ከኦቦክ ወደ የመኑ ላህጅ ጠረፍ ከሄደ ባሕሩ ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከየመን ዳርቻ እስከ ሳዑዲ ድንበር ሌላ 500 ገደማ፣ ከድንበሩ እስከ ጅዳ ደግሞ ከ600 በላይ። ድምሩ ከአውሮፕላኑ መስመር እጅግ አይርቅም፤ ደላላውን ያመነ ሰው ቢሸወድ አያስገርምም። ኪሎ ሜትር ግን ጥማቱን፣ የጦር ግንባሩን፣ ቤዛ ለማስከፈል ሰው የሚያግተውን ወንበዴ አይቆጥርም። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የመን አብያን አጠገብ በሰመጠችው ጀልባ ከ60 በላይ ሰው ሞቷል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ይህን ሁሉ እያወቀ «ማዶ ናት» የሚል ደላላ ተሳስቷል ብዬ አላልፈውም፤ ሥራው ነው።

ስለ አውሮፕላን ጉዞ የሚነገሩት ሌሎቹ የተሳሳቱ ወሬዎች እንኳ ቀለል ያሉ ናቸው። «ወደ አሜሪካ መሄዱ ከመመለሱ የሚረዝመው ምድር ስለምትዞር ነው» ይባላል። አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ይዞራልና ምክንያቱ እሱ አይደለም። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስ ሲሄዱ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ሲመለሱ ያግዛል። ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ 11,500 ኪሎ ሜትር ለሚርቀው ዋሽንግተን የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ መነሳት ይከብዳል። አውሮፕላኑ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚቀዳው፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ትኬት ላይ ያለውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር የሚያነብም አለ። 08:00 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። የባሰው 02:00 ነው፦ ማክሰኞ ተብሎ ከተጻፈ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ነውና፣ ሻንጣ ይዞ ቦሌ መገኘት ሰኞ ማታ ነው።