የደፈረሰ መብራት ከአዋሽ እስከ ሰመራ

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነስቶ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ሰመራ የሚገባው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ስለሚያልፍ፣ ተሳቢ የሚጎትተውም፣ አይሱዙውም፣ ሕዝብ የጫነው ሚኒባስም ቀን ከሌት ይመላለስበታል። ሹፌርና ረዳት ጋቢና ውስጥ እየተኙ ቀናት የሚያሳልፉበት፣ መኪናው ቤትም ሥራም የሚሆንበት መስመር ነው። በዚህ መንገድ ስለ ጎማው የማይጨነቅ ሹፌር አይገኝም፤ ስለ ፍሬኑም እንዲሁ። የፊት መብራቱ መሸፈኛ ቢጫ ሆኖ፣ ወተት የተቀባ መስሎ ሲታይ ግን «መኪናው አርጅቷል» ተብሎ ይታለፋል። ነገሩ ከመልክ ያለፈ ነው። የደፈረሰ መብራት ከተበላ የፍሬን ሸራ እኩል ሊያሳስበን ይገባል። በየላቫጆው የለመድነው ጠረግ ጠረግ አድርጎ መሸኘትም የመፍትሔው ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ ካልተጨመረበት በጥቂት ወራት ውስጥ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የድሮዎቹ መኪኖች የፊት መብራት ብርጭቆ ነበር። ብርጭቆ ጠጠር ሲመታው ይሰበራል እንጂ ፀሐይ አያደፈርሰውም። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አምራቾች ፖሊካርቦኔት ወደሚባለው ፕላስቲክ ዞሩ፤ ቀላል ነው፣ በፈለጉት ቅርጽ ይወጣል፣ በጠጠርም በቀላሉ አይፈረካከስም። ጉድለቱ ሁለት ነው፦ ቶሎ ይጫራል፣ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረርም አይችልም። ስለዚህ ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ላይ በዓይን የማይለይ ስስ መከላከያ ይቀባል። ያ መከላከያ ሲሳሳና ሲላጥ ጨረሩ ፕላስቲኩን ራሱን ያገኘዋል፤ የላይኛው ገጽ ይቃጠላል፣ ይቦዝዛል፣ ቢጫ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በአፋር ፀሐይ ላይ ይጭናል። ጨረሩ ግን ከፍታ በጨመረ ቁጥር ስለሚበረታ፣ አዲስ አበባ ደጅ ላይ የሚውል መኪና ከሰመራው የበለጠ አልትራቫዮሌት ሊያገኘው ይችላል። የአዋሽ ሸለቆ የሚጨምርበት ሙቀቱንና አቧራውን ነው። በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው ሙቀት የፕላስቲኩን መበላሸት ያፋጥነዋል፤ ከፊት የሚሄደው መኪና የሚያስነሳው ደቃቅ አፈርም መከላከያውን እየፋቀ ያሳሳዋል። ደጋና ቆላ የሚመላለስ መኪና ሁለቱንም ይቀምሳል።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው? የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር (ትሪፕል ኤ) በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፍተሻ፣ የደፈረሱት መብራቶች በአጭር ሲበሩ የሰጡት ብርሃን ከአዲሱ 22 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። በሚገባ ተጠርገው ሲታደሱ ወደ 70 በመቶ ተመልሰዋል። አሁን ይህን ወደ መንገዱ እናምጣው። ብርሃን ርቀት ሲጨምር በርቀቱ ካሬ መጠን ስለሚሳሳ፣ ብርሃኑ ወደ 22 በመቶ ሲወርድ የሚታየው ርቀት ከግማሽ በታች ይወርዳል። ደህና አጭር መብራት አስፋልት ላይ የቆመ ግመልን በ60 ሜትር ላይ ያሳያል ብንል፣ የደፈረሰው የሚያሳየው 28 ሜትር ላይ ሲደርስ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል፤ ሹፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢወስድበት 33 ሜትር አልቋል። ፍሬን ሳይነካ ግመሉ ጋ ደርሷል ማለት ነው። ግመል ደግሞ እግሩ ቀጭን፣ አካሉ ከአጭር መብራት በላይ ስለሆነ ዘግይቶ ይታያል፤ ሲመታም ክብደቱ በቀጥታ መስታወቱ ላይ ይወድቃል።

«እኔ ቀን ነው የምነዳው» የሚል ይኖራል። ይሁን፤ ግን የቀኑ ሙቀት ጎማንም ሞተርንም ስለሚያስጨንቅ በዚህ መስመር ንጋትንና ምሽትን የሚመርጠው ብዙ ነው፣ ሚሌ ላይ ጎማ ፈንድቶበት የሚያመሽም አይጠፋም። «ረጅም መብራት አለልኝ» የሚለውም ሩቅ አያስኬድም፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ተሳቢ በተደጋጋሚ በሚያጋጥምበት መንገድ ረጅሙን ማጥፋት ግድ ነው፣ አደጋውም የሚያደባው ያኔ ነው። ከሁሉም የሚከፋው ግን ብርቱ አምፖል ወይም ኤልኢዲ መግጠም ነው። በደፈረሰ ፕላስቲክ ውስጥ የሚያልፍ ብርሃን ወደ ፊት መሄዱን ትቶ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ አምፖሉ ሲበረታ የሚጨምረው ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ማጭበርበሩ ነው። ከተፈቀደው በላይ ዋት ያለው አምፖል ሽቦውንና የመብራቱን ቤት ያግላል፣ አንዳንዴም ያቀልጣል።

ወደ ጥገናው ከመሄድ በፊት ጉዳቱ የት እንዳለ መለየት ይገባል። መብራቱ ላይ ውኃ አፍስሱበት። እርጥብ እያለ ጥርት ካለ፣ ጉዳቱ በውጭው ገጽ ላይ ስለሆነ ይታደሳል። ውኃ ፈስሶበትም ከደፈረሰ ግን ችግሩ ከውስጥ ነው፤ ወይ ውኃ ገብቶበታል፣ ወይ ብርሃን የሚመልሰው ብርማ ገጽ ተልጧል፤ ያን የውጭ ጠረጋ አይመልሰውም። ለሚታደሰው፣ ኮልጌት ቀብቶ ማሸት ለጊዜው ያሳምራል፤ ደቃቅ መፋቂያ ስላለው ነው። በቤንዚን ወይም በቲነር መጥረግ ግን ፕላስቲኩን ያሟሟዋል፣ ቀጫጭን ስንጥቅም ያወጣበታል። ትክክለኛው አሠራር በውኃ የራሰ የብርጭቆ ወረቀት ነው፦ ከ800 ወይም 1000 ቁጥር ተነስቶ ወደ 2000 እና 3000 እያለሰለሱ መሄድ፣ ዙሪያውን ቀለሙ እንዳይጫር በፕላስተር መሸፈን፣ በመጨረሻም በፖሊሽ ማጥራት። ይህ ሲያልቅ መብራቱ አዲስ ይመስላል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብርጭቆ ወረቀቱ ከቆሻሻው ጋር የቀረውን የፋብሪካ መከላከያም አንስቶታል፤ ፕላስቲኩ አሁን ራቁቱን ነው፣ ከበፊቱም ፈጥኖ ይደፈርሳል። በአልኮል ጠርጎ አልትራቫዮሌት የሚከላከል ክሊር መርጨት የግድ ነው። ባለ ማጠንከሪያው ክሊር ከሁሉም ይቆያል፤ ነገር ግን እንፋሎቱ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ቀለም ቀቢው ትክክለኛ ጭምብል አድርጎ፣ አየር በሚያገኝ ቦታ ሊሠራ ይገባል።

ገጹ ከተሰነጠቀ ወይም ውስጡ ከተበላሸ መቀየር ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለም፣ ተመሳስሎ የተሠራም ይገኛል። በዚያው የአሜሪካ ፍተሻ ተመሳስለው የተሠሩት ከዋናው የፋብሪካ ዕቃ ብርሃን ከ83 እስከ 90 በመቶ ሰጥተዋል፤ ይህ የሚናቅ አይደለም። ያገለገለ ሲገዛ ግን ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። እንደ ጃፓን በግራ በሚነዳበት አገር የነበረ መኪና መብራት ብርሃኑን ከፍ የሚያደርገው ወደ ግራ ጠርዝ ነው። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ያ ብርሃን በቀጥታ ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ላይ ያርፋል፣ የእኛ ጠርዝ ደግሞ ጨለማ ይሆናል። ብሎን ቢያዞሩት አይስተካከልም፤ ሲሠራ ጀምሮ እንዲያ ነው።

የሚቀረው የገንዘብ ክርክር ነው፣ እሱም ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን አስወድዷል፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያለው መኪና ገና ብዙ ዓመት ይነዳል፣ መብራቱም አብሮት ያረጃል። ይህ ግን ለማደስ የሚሟገት እንጂ ለመተው የሚሟገት ምክንያት አይደለም፤ ወረቀቱና ክሊሩ ከአንድ አዲስ መብራት ዋጋ በብዙ ያንሳሉ። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም መብራቱ መብራት አለመብራቱን ብቻ አይቶ ማለፍ የለበትም፤ ብርሃኑ ምን ያህል እንደሚወጣና የት እንደሚያርፍ በመሣሪያ ይለካ፣ ያነሰው ሳይታደስ አይለፍ። ባለመኪናውም መብራቱን የሚጠርግለትን ሰው ከመክፈሉ በፊት «ላዩ ላይ ምን ትረጭበታለህ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «ምንም» ከሆነ ሌላ ጋራዥ ይፈልግ።