ከአሮጌ ወደ ዘመናዊ ኢንትራኔት፦ የአማርኛ ሰነዶች በሽግግር ወቅት የሚገጥሟቸው የፊደል፣ የፍለጋና የቀን ችግሮች

መግቢያ

ኢንትራኔት የአንድ ድርጅት ሠራተኞች ብቻ የሚገቡበት፣ ሰርኩላር፣ መመሪያ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የቅጽ ናሙናና የሠራተኛ መረጃ በአንድ ቦታ የሚገኝበት የውስጥ ድረ ገጽ ነው። ብዙ ድርጅቶች ይህን አገልግሎት ከዓመታት በፊት በተተከለ ሥርዓት ላይ ሲያካሂዱ ቆይተዋል። ሥርዓቱ ሲያረጅ ግን አምራቹ የደኅንነት ማሻሻያ መላኩን ያቆማል። ለምሳሌ የማይክሮሶፍት ሼርፖይንት 2010 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 13 ቀን 2021፣ የሼርፖይንት 2013 ደግሞ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 11 ቀን 2023 አብቅቷል። ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ ሥርዓት መሸጋገር የምርጫ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል።

የሽግግር ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በተዘዋወሩ ፋይሎች ብዛት ነው። ሪፖርቱ «ፋይሎቹ በሙሉ ያለ ስሕተት ተዘዋውረዋል» ካለ ሥራው እንደተጠናቀቀ ይቆጠራል። የዚህ ጽሑፍ ማዕከላዊ ነጥብ ግን ይህ መለኪያ በአማርኛ ለሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች በቂ አለመሆኑ ነው። ፋይል አንድም ባይት ሳይጎድልበት ተዘዋውሮ ይዘቱ ሊጠፋ ይችላል። ትክክለኛው መለኪያ፣ ፈላጊው ቃሉን ጽፎ ደብዳቤውን ማግኘት መቻሉ ነው።

የጉዳዩ አካባቢያዊ ገጽታ

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የምትገኝ የቦረና ወረዳ መቀመጫ ናት። ከዞኑ ዋና ከተማ ከደሴ ጋር የሚያገናኛት መንገድ በአቀስታ በኩል ያልፋል። በከተማዋ የሚገኙ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶችና የባንክ ቅርንጫፎች የሚመሩት ደሴ፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ በሚወጡ መመሪያዎችና ሰርኩላሮች ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች ያሉት ተቋም ነው። እንዲህ ላሉ ተቋማት የውስጥ መረብ በማዕከልና በቅርንጫፍ መካከል ያለውን ርቀት የሚያሳጥር መሣሪያ ነው።

መንግሥት ይህን ፍላጎት ተገንዝቦ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳኔትን ዘርግቷል። ወረዳኔት የፌዴራል፣ የክልልና የወረዳ አስተዳደሮችን በአንድ መረብ አገናኝቶ የቪዲዮ ስብሰባና የመረጃ ልውውጥ እንዲያደርጉ ለማስቻል የተነደፈ ሲሆን፣ ሩቅ ወረዳዎችን ለመድረስ በሳተላይት ግንኙነት ተጠቅሟል። መረቡ በተዘረጋበት ዘመን በየጽሕፈት ቤቱ የሚተየቡት ሰነዶች ግን በአብዛኛው ዛሬ ኮምፒዩተሮች በሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ የተጻፉ አልነበሩም። የሽግግሩ ዋነኛ ፈተና የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የፊደል ኮድ፦ የሚታይ ግን የማይነበብ ጽሑፍ

ቀደምት የኮምፒዩተር ፎንቶች ለአንድ ምልክት አንድ ባይት ስለሚመድቡ በአንድ ፎንት ውስጥ ከ256 በላይ ምልክት ሊኖር አይችልም ነበር። በአማርኛ 33ቱ ፊደላት በ7 ሆሄያት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እንደ ቋ እና ጓ ያሉት ዲቃላ ፊደላት፣ 20ዎቹ የግእዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ቁጥሩ ከ256 ያልፋል። የፓወር ግእዝ፣ የቪዡዋል ግእዝ፣ የዋሽራና የመሰል ፕሮግራሞች አዘጋጆች ይህን ችግር በተለያየ ዘዴ ፈትተውታል። ከዘዴዎቹ አንዱ ፊደላቱን በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች መከፋፈል ሲሆን፣ ሌላው መነሻውን ፊደልና የሆሄውን ቅጥያ ለየብቻ አስቀምጦ በስክሪን ላይ ማገጣጠም ነበር።

የሁሉም የጋራ ባሕርይ በላቲን ፊደላት ቦታ የግእዝን ቅርጽ መሳል ነው። ሰነዱ ውስጥ በእርግጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደላትና ልዩ ምልክቶች ኮድ ሲሆን፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሰነዱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይታያል። ዘመናዊ ኢንትራኔት ለፍለጋ ማውጫ ሲያዘጋጅ ደግሞ የሚያነበው ኮዱን እንጂ ፎንቱን አይደለም። በመሆኑም «የዓመት ፈቃድ» ብሎ የሚፈልግ ሠራተኛ ሰነዱ በሥርዓቱ ውስጥ እያለ ምንም አያገኝም።

ግእዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ነው። በዚህ ደረጃ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቋሚ ቁጥር አለው፤ ሀ በሄክሳዴሲማል 1200፣ ሠ 1220፣ ሰ 1230 ናቸው። ሆኖም የደረጃው መጽደቅና የቢሮዎች አሠራር በአንድ ጊዜ አልተለወጡም። ዊንዶውስ የግእዝ ፊደላትን የያዘውን ኒያላ የተባለ ፎንት ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ቪስታ ጀምሮ ነው። ከዚያም በኋላ ጸሐፊዎች በለመዱት ፕሮግራምና የፊደል ገበታ መተየባቸውን ቀጥለዋል። ስለሆነም በአንድ ፎልደር ውስጥ በዩኒኮድና በአሮጌ ፎንት የተጻፉ ሰነዶች ተቀላቅለው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

እነዚህን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ መቀየር ይቻላል፤ ቅድመ ሁኔታው ግን የፎንቱ ስም መታወቁ ነው። የዎርድ ፋይል ለእያንዳንዱ የጽሑፍ ክፍል የፎንቱን ስም መዝግቦ ስለሚይዝ፣ መቀየሪያው ክፍሉን እየለየ በአሮጌ ፎንት የተጻፈውን ሊለውጥና በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሳይነካ ሊተው ይችላል። ሰነዱ ቀድሞ ወደ ተራ ጽሑፍ ከተቀየረ የፎንቱ ስም ስለሚጠፋ ሥራው ወደ ግምት ይለወጣል። ስለዚህ ቅየራው ከዝውውሩ በፊት፣ በዋናው ፋይል ቅጂ ላይ መከናወን አለበት።

ከዚህ የከፋ ጉዳት ሊደርስ የሚችለው በመረጃ ቋት ውስጥ ነው። በዩኒኮድ በትክክል የተጻፈ አማርኛ ዩኒኮድ በማይቀበል ዓምድ ውስጥ ሲያልፍ እያንዳንዱ ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል። በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ሊመለስ ይችላል፤ ወደ ጥያቄ ምልክትነት የተለወጠ ስም ግን ከመጠባበቂያ ቅጂ በቀር መመለሻ የለውም።

ፍለጋ፦ አንድ ድምፅ፣ ብዙ አጻጻፍ

ሁሉም ሰነድ ወደ ዩኒኮድ ከተቀየረ በኋላም የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ይቀራል። ለአንባቢ «መካነ ሰላም» እና «መካነ ሠላም» አንድ ከተማ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን 1230 እና 1220 የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ብንወስድ፣ የመጀመሪያው ፊደል በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ፣ «ሥ» በሁለት፣ «ሴ»ም በሁለት መንገድ ሊጻፉ ስለሚችሉ 24 አጻጻፎች ይኖራሉ። ስሙ ተያይዞ ወይም ተነጣጥሎ መጻፉ ሲታሰብ ቁጥሩ 48 ይደርሳል። በዚህ ላይ አራት ነጥብን በአንዱ «።» ምልክት ፈንታ ሁለት ነጥብን ደጋግሞ «፡፡» ብሎ መተየብ በቢሮዎች የተስፋፋ ልማድ ነው።

መፍትሔው የሰነዶቹን ፊደል ማስተካከል አይደለም። ደብዳቤ ማስረጃ ስለሆነ እንደተጻፈ መቆየት አለበት። በግእዝ ደግሞ የፊደሉ ልዩነት የትርጉም ልዩነት ያመጣል፤ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ሌባ ሆነ ማለት ነው። ተገቢው አሠራር ዋናውን ጽሑፍ ሳይነኩ ለፍለጋ ማውጫው ብቻ ሞክሼዎችን ወደ አንድ ወካይ ፊደል ማጠቃለል ነው። ፈላጊው የሚጽፈው ቃልም በዚያው ደንብ ስለሚያልፍ በየትኛውም አጻጻፍ የተመዘገበው ስም ይገኛል። የደብዳቤ ቁጥርም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። በደብዳቤው ላይ በእዝባር የተጻፈ ቁጥር በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ ስለማይፈቀድ በሰረዝ ተተክቶ ይቀመጣል፤ ማውጫው ሁለቱንም ማወቅ ይኖርበታል።

ቀን፦ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር የሚያስከትል ስሕተት

ብዙ ዘመናዊ ሥርዓቶች በቀን መስክ ውስጥ የሚጠብቁት የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ነው። አሮጌው ሥርዓት ውስጥ ግን ሠራተኞች የኢትዮጵያን ቀን በቁጥር ሲያስገቡ ቆይተው ሊሆን ይችላል። ጥቅምት 30 ቀን «30/2» ተብሎ ቢጻፍ፣ የጎርጎርዮስ መስክ 30 ቀን ያለው ፌብሩዋሪ ስለሌለ አይቀበለውም። ጳጉሜን 6 ቀን 2007ም 13ኛ ወር ስለሌለ ተቀባይነት አያገኝም። እነዚህ ስሕተቶች ራሳቸውን ያጋልጣሉ። አደገኛው ያለ ተቃውሞ የሚያልፈው ነው።

መስከረም 1 ቀን 1990 የተቀጠረ ሠራተኛ ለምሳሌ ይወሰድ። ይህ ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1997 ነው። አዲሱ ሥርዓት «1/1/1990» የሚለውን እንደ ጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ቢያነበው አገልግሎቱ በ7 ዓመት ከ8 ወር ከ10 ቀን ይረዝማል። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረት የዕድሜ ልክ የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ስለዚህ ስሕተቱ የማይገባ አበል ሊያስከፍል፣ ሲታወቅም በሠራተኛው ላይ ክርክር ሊያስነሳ ይችላል። በሌላ በኩል የቅጥር ደብዳቤው በአሮጌ ፎንት ስለተጻፈ ሳይገኝ ከቀረ፣ በትክክል ያገለገለው ሰው ማስረጃ ፍለጋ ከመካነ ሰላም ደሴ ለመመላለስ ይገደዳል። ጥንቃቄው ቀላል ነው፤ የመጀመሪያውን ቀን እንደተጻፈ በአንድ መስክ፣ የተቀየረውን በሌላ መስክ፣ የአቆጣጠሩን ዓይነት ደግሞ በሦስተኛ መስክ ማስቀመጥ ይገባል።

የፋይል ስም፣ የመስመር አቅምና የመዳረሻ ፈቃድ

የዊንዶውስ ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. የፋይል ስም እስከ 255 ፊደላት ይፈቅዳል። በሊኑክስ ሰርቨሮች የተለመደው ኤክስት 4 ደግሞ የሚቆጥረው 255 ባይት ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ የስሙ ጣሪያ 85 ፊደል ይሆናል። የደብዳቤውን «ጉዳዩ» ሙሉ ዐረፍተ ነገር የፋይል ስም ማድረግ የለመደ መዝገብ ቤት ይህን ጣሪያ በቀላሉ ያልፋል። እነዚህን ስሞች ከዝውውሩ በፊት መለየትና የሙሉውን ስም ዝርዝር መያዝ ያስፈልጋል።

የመስመር አቅምም አስቀድሞ ሊሰላ ይገባል። 200 ጊጋባይት ሰነድ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ያለ ማቋረጥ ቢላክ 111 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም ከ4 ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቅርንጫፍ የመጀመሪያውን ቅጂ በተመሰጠረ ሃርድ ዲስክ በመኪና ልኮ፣ ከዚያ በኋላ የተለወጡትን ብቻ በመስመር ማስተላለፍ ይመረጣል።

ሦስተኛው ጉዳይ በብዙ ዕቅዶች ውስጥ የሚዘነጋ ነው። በአሮጌ ፎንት የተጻፈ የዲሲፕሊን ውሳኔ ወይም የሕክምና ማስረጃ እስከ ዛሬ ከፍለጋ የተሰወረው በፈቃድ ሥርዓቱ ጥንካሬ ሳይሆን በፊደሉ አለመነበብ ሊሆን ይችላል። ሰነዱ ወደ ዩኒኮድ በተቀየረ ማግሥት ለማንኛውም ፈላጊ ሊገለጥ ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ያዢዎች ላይ ኃላፊነት ስለሚጥል የመዳረሻ ፈቃድ ፍተሻ ማውጫው ከመከፈቱ በፊት መጠናቀቅ አለበት።

የሥራው ቅደም ተከተልና መለኪያ

ከላይ የተዘረዘሩት ነጥቦች ሲጠቃለሉ ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢከናወን ይመከራል። በመጀመሪያ ሰነዶቹ በፎንት፣ በስም ርዝመትና በባለቤት ክፍል ይቆጠራሉ። ቀጥሎ ዋናዎቹ ሳይነኩ በቅጂዎቹ ላይ የዩኒኮድ ቅየራው ይካሄዳል፤ ቀኖችም በሦስት መስኮች ይከፈላሉ። ከዚያ የመዳረሻ ፈቃዶች ይፈተሻሉ፤ በመጨረሻም ፋይሎቹ ተዘዋውረው ማውጫው ይዘጋጃል። አሮጌው ሥርዓት ወዲያው ሳይጠፋ ለንባብ ብቻ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

መለኪያው ከተጠቃሚው መነሣት ይኖርበታል። የመዝገብ ቤት፣ የሰው ኃይልና የፋይናንስ ሠራተኞች ባለፈው ዓመት በእርግጥ የፈለጓቸውን ለምሳሌ 50 ሰነዶች ይዘረዝራሉ። ዝርዝሩን ያላዘጋጀ ሌላ ሠራተኛ በአዲሱ ሥርዓት በራሱ አጻጻፍ ይፈልጋቸዋል። የተገኙት፣ ያልተገኙትና ተገኝተው ያልተነበቡት ለየብቻ ይመዘገባሉ። ፈተናው ከዋናው መሥሪያ ቤት በተጨማሪ እንደ መካነ ሰላም ካለ ቅርንጫፍ፣ በዚያው መስመር መከናወን አለበት።

ማጠቃለያ

የኢንትራኔት ሽግግር በአምራቾች መመሪያ ውስጥ የሰርቨርና የፋይል ጉዳይ ሆኖ ይቀርባል። በአማርኛ ለሚሠራ ተቋም ግን ሥራው የሦስት ልማዶች ሽግግር ጭምር ነው፤ የአተያየብ፣ የአጻጻፍና የዘመን አቆጣጠር። እነዚህን በዕቅዱ ውስጥ ያላካተተ ድርጅት አዲስ መደርደሪያ ገዝቶ አሮጌውን ክምር እንዳለ ያስቀመጠ ይሆናል። ሽግግሩ ተጠናቀቀ ሊባል የሚገባው ጡረታው የደረሰ ሠራተኛ የቅጥር ደብዳቤውን ከራሱ ቅርንጫፍ ሳይወጣ አግኝቶ ማንበብ ሲችል ነው።